ልጄ ቤቴን የለካች ቀን

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰባ ሁለትም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ስወለድ ቀን የጻፈ ሰው የለም፣ እናቴ ስትል የሰማሁትን ይዤ ነው የምቆጥረው። በዚያ ዓመት አምቦ ውስጥ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ልጄ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። እናቷ ሞታለች።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከጊንጪ እንጨት በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ነው፣ ጫኝና አውራጅ ሆኜ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ የተጻፈ ነገር ቀስ ብዬ አነባለሁ። ይህንን የምጽፈው ማንም ጻፍ ስላላለኝ ነው። ቢሉኝ ኖሮ አልጽፍም ነበር።

ልጄ የምትማረው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ አርክቴክቸር ይሉታል። ራቅ ያለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ሰፈሩ እልል አለ። እኔ ነገሩ አልገባኝም።

«መሐንዲስ ማለት ነው?» አልኳት።

«አይደለም አባዬ። መሐንዲሱ ቤቱ እንዳይወድቅ ያደርጋል፤ እኔ ሰው እንዲኖርበት አደርጋለሁ።»

«ቤቱ ካልወደቀማ ሰው ይኖርበታል። ለዚህ ትምህርት ምን ያስፈልጋል?»

ሳቀችብኝ። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

አምስት ዓመት ነው የተባለው። የማን አምስት ዓመት እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ግቢው ተረብሿል ተብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። አንድ ጊዜ በሽታው መጣና አገር ሁሉ በሩን ዘጋ። ከዚያ እናቷ ታመመች፤ አስታማሚ የለም፣ ልጄ ዓመቱን አቋርጣ መጣች። እናቷን ቀብረን ስትመለስ አብረዋት የጀመሩት ልጆች ጨርሰው ሄደዋል። ከኋላ ከመጡት ጋር አንድ ክፍል ተቀመጠች። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል ብላ ነገረችኝ፣ ቀልድ አስመስላ። አንገቷን መድፋቷን አይቼ ቀልድ እንዳልሆነ አወቅሁ።

ለእረፍት ስትመጣ ከካርቶን የሠራችውን ቤት በነጠላ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ይዛ ትመጣለች። መስኮት አለው፣ ደረጃ አለው፣ ከሽቦ የተሠራ ዛፍ ሳይቀር አለው። አንድ ጊዜ ያመጣችው ግን ጣሪያው ተገንጥሏል።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«መምህሩ ነው። ተማሪዎቹ ፊት ጣሪያውን ገነጠለና ‹ውስጡ ውሸት ነው፣ ድገሚው› አለኝ።»

«የሰው ቤት ጣሪያ ገንጥሎ ዝም ተባለ?»

«እዚያ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት፣ አባዬ።»

እኔ ብሆን ያንን መምህር በካርቶኑ አናቱን እለው ነበር። እሷ ግን ተቀምጣ ደገመችው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ቀራት። ልምምድ የሚሉት አለ፤ ሥራ ቦታ ሄደው የሚሠሩት። ዕድል ሆኖ እዚሁ አምቦ፣ መንገድ የሚነድፍ አንድ ቢሮ ተቀበላት። ሥራዋን ጨርሳ አለቃው ይፈርምላታል፤ በዚያ ፊርማ የመጨረሻውን ዓመት ትጀምራለች። ካልፈረመላት አትጀምርም። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ ልጄ ቤቴ ገባች፣ እራት አብረን እንበላለን አልኩ።

አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። የሚያብለጨልጭ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ቆመዋል። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሜትር ይዘረጋል። የሜትሩን ጫፍ የያዘችው ልጄ ናት።

አለቃቸው ወጣት ነው። ጨዋ ነው፣ አልዋሽበትም። «አካም ቡልተን አባባ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለኝ።

«ነጋ» አልኩት፣ ሰላም ነው ለማለት።

«መንገዱ ሊሰፋ ነው። መስመሩ የሚነካቸውን ቤቶች እየለካን ነው። ገባ ብለን እንወጣለን።»

«የእኔንም ይነካዋል?»

ወረቀቱን አየ። «ሳሎኑንና ጓዳውን ነው። መኝታ ቤቱ ሊተርፍ ይችላል።»

ዱላዬን በሩ ላይ ጋረጥኩ። «ሜትራችሁን ጠቅልሉ» አልኩ። «ይህ ቤት ሲሠራ እናንተ አልተወለዳችሁም። ካርታው ላይ አምቦ እንኳ አይልም፣ ሀገረ ሕይወት ነው የሚለው። ቋሚው በሙሉ የጭልሞ ደን ጥድ ነው፤ ምስጥ አይነካውም፤ በትከሻዬ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መኝታ ቤቱ ይተርፋል? ተኝቶ ብቻ የሚኖር ማነው፣ ሬሳ መሰልኳችሁ?»

ከልጆቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። አለቃቸው ገላመጠው። ልጄ አንገቷን ደፍታ የሜትሩን ጫፍ በጣቷ ታሻሻለች።

«አንቺም?» አልኳት።

አለቃቸው ዞሮ አያት። አባቷ መሆኔን አልነገረችውም ነበር።

«ሥራዬ ነው አባዬ» አለች፣ በቀስታ።

«ሥራሽ ከሆነ ሌላ ቤት ሄደሽ ሥሪ።»

ሄዱ። የጎረቤቴን የባለሱቁን ቤት ለኩ፣ ከዚያ በታች ያሉትንም ለኩ። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሜትሩ እየሾለከ ወደ ቀፎው ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። የእኔ ደጅ ብቻ ሳይነካ ቀረ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ማታ እራት ቀረበ፣ እሷ አልነካችውም።

«አባዬ፣ ልንገርህና ከዚያ ተቆጣ» አለች። «ከላይ እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱን ቤት በቤት ስዬ ማስረከብ አለብኝ። ልምምዴ እሱ ነው። መሃል ላይ አንድ ቤት ባዶ ከሆነ አይፈርምልኝም። ‹የአባትሽን በር ማስከፈት ካቃተሽ የሰውን እንዴት ታስከፍቻለሽ› ብሎኛል።»

«ባዶውን ራስሽ ሙይው። እዚህ ተወልደሽ አድገሽ ስፋቱን ታጪዋለሽ?»

«ያልለካሁትን አልጽፍም።»

«የአባቴ ቤት ይፍረስ ብለሽ ግን ትጽፊያለሽ።»

«እኔ ጻፍኩም አልጻፍኩም መንገዱ ያልፋል!» ጮኸችብኝ። ጮኻብኝ አታውቅም። «የተለካ ቤት ምትክ ይሰጠዋል። ያልተለካ ቤት ግን እንዳልነበረ ነው፤ ሜዳ ነው የሚባለው። አንተ በር ዘግተህ የምትጠብቀው ሜዳ ነው።»

«ማነው ሜዳ የሚለው? መጥቶ ይበለኛ!»

ሳህኑን ሳታነሳ ገብታ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ቢሮም መሄድ ተወች። ተጠቅልሎ የሚያዘውን ትልቁን ወረቀቷን አልጋው ሥር ወረወረችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ሻይ አፍልቼ አጠገቧ አስቀምጣለሁ፤ ስመለስ ቀዝቅዞ፣ ዝንብ ገብቶበት አገኘዋለሁ። ቢሮው ያለው ጊዜ እያለቀ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች፤ አንዳችንም አናነሳውም።

አንድ ቀን ባለሱቁ መጣ። ከደቡብ መጥቶ እዚህ የከበረ ሙስሊም ነው፤ ልጆቹ ከእኔ ልጅ ጋር ነው ያደጉት። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ሰው ትፈልጋለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስኳር እየሰፈርኩ ልኑር አለችኝ። እኔ ምን ልበላት?» አለኝ።

«አልፈልግም በላት።»

«ብያታለሁ። ግን ፊቷን አላዩትም እኔ እንዳየሁት።»

አይቼዋለሁ እንጂ። እናቷ መጨረሻ አካባቢ የነበራት ፊት ነው። በማግስቱ ልጄ የሽንኩርት መክተፊያውን ቢላዋ ፈልጋ አጣችው። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ለምን እንደደበቅሁት አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ሽንኩርቱን በጥርሷ ልጣ፣ በእጇ ገነጣጥላ ድስት ውስጥ ጨመረችው። ያንን ወጥ ሁለታችንም በላነው።

መላ ሲጠፋኝ እንጭኒ ያለች ታላቅ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። መኪና እየቀያየርኩ ደረስኩ። ጉዳዬን ተናግሬ ሳልጨርስ ጀመረችኝ።

«አንተ ግትር! ያ መምህር ሽማግሌ ሲልክ ምን አልክ?»

እውነት ነው። ልጄ ትምህርት ላይ ሳለች አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሽማግሌ ልኮ ነበር። «ሳትጨርስ በደጄ እንዳታልፉ» ብዬ መለስኳቸው። ልጁ ሌላ አገባ።

«ሳትጨርስ አልኩ። ምን አጠፋሁ?»

«ይኸው አልጨረሰችም! ሠላሳ ዓመት ልትሞላ ነው። ወረቀቱ የለ፣ ባሉ የለ፣ እናቷ የለች። አንተ ደግሞ ዛሬ ነገ ስትል ትሞታለህ። ከዚያ ምን ትሁን? ከጥድህ ጋር ታውራ?»

እዚያው አደርኩ። በመመለሻዬ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ወሰንኩ። ሁለተኛ ሽማግሌ ደጄ ከቆመ አልመልስም። ማንም ይሁን፣ ከየትም ይምጣ፣ ሥራ ይኑረው አይኑረው አልጠይቅም። ፊቷን ከግድግዳው የሚያዞርልኝ ሰው ይምጣ እንጂ። ሰው ልጁን እንዲህ አይሰጥም፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ቤት ስደርስ ወለሉ ተጠርጓል። ልጄ ፀጉሯን ታጥባለች። እራት አቀረበችልኝ።

«ነገ ጠዋት የትም እንዳትሄድ» አለችኝ። «ሰው ይመጣል።»

«ማን?»

«ሲመጡ ታያቸዋለህ።»

«ሲመጡ» ነው ያለችው። አንድ ሰው አይደለም።

ጠዋት በሬን ስከፍት ቆመው አገኘኋቸው። የእድራችን ዳኛ፣ አጠገቡ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከኋላ ባለሱቁ። ዱላ ይዘዋል፤ ዳኛው በቀኝ እጁ እርጥብ ሳር ይዟል። በእኛ አገር ሽማግሌ ሳር ይዞ ደጅ ከቆመ ልመና ነው፤ ሳሩን ከእጁ የተቀበለ ሰው ልመናውን ተቀብሏል፣ መመለስ የለም። እኔም ለስንቱ ሳር ይዤ ቆሜያለሁ።

«ግቡ እንጂ» አልኳቸው።

«ለኪ፣ የለም፣ አንገባም» አለ ዳኛው። «ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ይኸው መጣ አልኩ በልቤ።

ጡረተኛው መምህር ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ወንድማችን፣ እዚህ ሰፈር አብረን ኖረናል። አብረን ቀብረናል፣ አብረን ድረናል። የሰው ልጅ በዚህ ምድር ላይ ሲኖር...»

«መምህር» አልኩት፣ «አንተ ደወል ካልተደወለ አትጨርስም። የመጣችሁበትን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ልጄ ታውቃለች?»

«እሷው ናት የላከችን» አለ ባለሱቁ።

ይህም ዘመን መጣ! ሴት ልጅ ራሷ ሽማግሌ ትልካለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ብቻ አባርራቸው ነበር።

«ፈልጋ ነው? ወይስ ጨንቋት ነው?»

«ፈልጋ ነው፤ እያለቀሰች ነው የለመነችን» አለ ዳኛው።

ደንቡ ቀጠሮ መስጠት ነው። አስቤ፣ ዘመድ አማክሬ ልንገራችሁ ይባላል፤ ሽማግሌም ይመላለሳል፤ ክብሩ እሱ ነው። እኔ ግን ቀጠሮ የሚሰጥ ሆድ አልነበረኝም። ቢላዋው አሁንም ፍራሼ ሥር ነው።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። እጄን ዘርግቼ ሳሩን ተቀበልኩት።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «አልሃምዱሊላህ!» አለ ባለሱቁ። ዳኛው «እኔ እኮ እስከ ቀትር የምታቆመን መስሎኝ፣ ቁርሴን ጠግቤ ነው የመጣሁት!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ገብተው ተቀመጡ። እኔም እንደ አማች ደንብ ልጠይቅ ብዬ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

«እና ልጁ የየት አገር ሰው ነው?»

«የቱ ልጅ?» አለ መምህሩ።

«ልጁ ነዋ!»

«አለቃቸውን ነው? ከወደ ነቀምት የመጣ መሰለኝ።»

«ሥራውስ?»

«ያው መንገድ ነው እንጂ።»

አለቃዋ ነው ለካ! ያ ጨዋው። መጥፎ አይደለም አልኩ። «ደኅና። መቼ ይምጣ?»

«ከፈቀድክማ ዛሬ ከሰዓት ሁሉም ሜትራቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

«ሜትር? ለጥሎሽ ሜትር ምን ያደርግልኛል?»

ነገሩ ቀድሞ የገባው ዳኛው ነው። «ዋቃዮ!» ብሎ ፈጣሪውን ጠርቶ ጭኑን መታ። ባለሱቁ ፊቱን በሻሹ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። «ወንድሜ» አለኝ፣ «እኛ ልጅህን አልጠየቅንህም። ቤቱን ይለኩት ብለን ነው የመጣነው። እንዳልነግርህ አንተው አቋረጥከኝ።»

ተነሳሁ። ሳሩ አሁንም እጄ ውስጥ ነው። «ውሰዱት» ብዬ ዘረጋሁት። ማንም እጁን አላነሳም። ሳቁም ቆመ።

«ሳላውቅ ነው የተቀበልኩት።»

«እናውቃለን» አለ ዳኛው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልሰጠሁም በል፣ እኛም አልሰማንም ብለን እንሄዳለን። አናስገድድህም።»

ይህን ባይል ይሻል ነበር። ቢያስገድደኝ እጣላው ነበር፤ መጣላት እችልበታለሁ። በሰው በር ላይ ቆሜ ስንቱን «ሳሩን ተቀብለህ ቃልህን ታጥፋለህ?» ብዬ አሳፍሬያለሁ። ሦስቱም ያንን አይተዋል። ግትር ነኝ፣ ቃል አጣፊ ግን አይደለሁም። «ከሰዓት ይምጡ» አልኩ። ወጥተው ሲሄዱ አልሸኘኋቸውም።

ልጄ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«በገዛ አባትሽ ላይ ሽማግሌ?» አልኳት።

«ሌላ የምትሰማው ነገር ስለሌለ ነው።»

«እኔ እኮ ባል መስሎኝ ነው።»

አፏን በእጇ ያዘች። ሳቀች፤ ስንት ጊዜዋ ነው። «ለማን ልትሰጠኝ ነበር?»

«አልጠየቅሁም።»

«ስሙን እንኳ?»

«አልጠየቅሁም አልኩሽ።»

ሳቋ እዚያው ላይ ቆመ። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ይህን ያህል ተስፋ ቆርጠህብኛል፣ አባዬ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ሄጄ ቢላዋውን ከፍራሼ ሥር አወጣሁና ጓዳ ቦታው ላይ መለስኩት። አይታኛለች።

ከሰዓት መጡ። «ከእሷ በቀር ማንም አይገባም» አልኩ። አለቃቸው እሺ አለ፤ ልጆቹ ባለሱቁ ደጅ ተቀመጡ። ልጄ ሰደርያዋን ለብሳ ገባች። ሜትሩን ዘረጋችና ቆመች፤ ጫፉን የሚይዝላት የለም።

«ያዝልኝ» አለችኝ።

ያዝኩ። «ወደ ጥጉ አስጠጋው። ዝቅ አድርገው። አትጎትት።» እንደ ሌላ ሰው ታዘኛለች፤ እኔም እታዘዛለሁ። ሳሎኑን ለካን። መስኮቱን፣ የበሩን መቃን ለካን። እናቷ የሞተችበት አልጋ የነበረበት ጥግ ስንደርስ እሷ ቁጥሩን በአፏ ሳትናገር ጻፈችው።

ከዚያ መሮና መዶሻ አነሳች። «ግድግዳው በምን እንደተሠራ መጻፍ አለበት። ምትኩን የሚያዩት በእንጨቱ ነው።»

«ጥድ ነው። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«አይቼ ነው የምጽፈው።»

የሳሎኑን ምርጊት ትንሽ ፈለፈለችው። ቀይ እንጨት ወጣ፤ ሽታው ሳይቀር አለ፣ ትናንት የተቆረጠ ይመስላል። «አየሽ!» አልኩ፣ «ጭልሞ!» አንገቴ ቀና አለ። ወደ ጓዳው ገባን። እዚያም ፈለፈለች። መሮው ያለ ድምፅ ሰመጠ። ስታወጣው ከቀዳዳው እንደ ዱቄት ያለ ነገር ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ፈሶ ፈሶ አላልቅ አለ። አጠገቡ ያለውንም ነካችው፤ ያው ነው። ባሕር ዛፍ ነው፣ ምስጥ ጨርሶታል። ቤቱን ያቆመው ጭቃው ብቻ ነው።

የጓዳው ግድግዳ ሲቆም እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ወይ አናጺው ጥዴን ሸጦ ባሕር ዛፍ አቁሞብኛል፣ ወይ እንጨቱ አንሶ እኔው ራሴ በባሕር ዛፍ ሙላው ብዬ ረስቼዋለሁ። የምጠይቀው ሰው በሕይወት የለም። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሁሉ የማልኩበት፣ ዱላ የጋረጥኩለት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነበር።

«ጥድ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። «ምትኩን የሚያዩት በእንጨቱ ነው ብለሻል። ጻፊ። ማን መጥቶ ይፈለፍለዋል?»

አተኩራ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ እምባ አለ፣ ብዕሯን ግን አላነሳችም።

«አልችልም አባዬ።»

«ለአባትሽ?»

«ለአንተም። ጣሪያዬን እየገነጠሉ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። ዛሬ ውሸት ከጻፍኩ ያ ሁሉ ዓመት ለምን ነበር?»

የሜትሩን ጫፍ ለቀቅሁት። ሆን ብዬ ነው። እያፏጨ ተመለሰና እጇን መታት። አልጮኸችም። የእጇን አንጓ አሸት አሸት አደረገችና ብዕሯን አንስታ ጻፈች። ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ጓዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ የተበላ ይላል። የእጅ ጽሑፏ ያምራል። እኔ ነኝ ትምህርት ቤት ያስገባኋት።

ሲጨርሱ በቀይ ቀለም በየቤቱ ላይ ቁጥር ይጻፋል። የባለሱቁ በር ላይ መሃል ለመሃል በትልቁ ተጽፏል። የእኔን ቁጥር ግን ልጄ ከአንዱ ልጅ እጅ ብሩሹን ተቀብላ ራሷ ጻፈችው፤ ዝቅ አድርጋ፣ በትንሹ፣ ጥግ ላይ፣ ሰው ጎንበስ ካላለ በማያየው ቦታ። አየኋት። እሷ ሥዕሏን እየጨረሰች አመሸች፣ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ጓሮ አፈር ቆፈርኩ። ከጎረቤት የአህያ ጭድ ለምኜ ደጃፌ ላይ ጨመርኩበት፣ ውኃ ደፋሁበት፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ በእግሬ ረገጥኩት። ጭቃ ሰንብቶ ሲቦካ ነው የሚይዘው፤ አልጠበቅሁም። ልጄ ትልቁን ወረቀቷን ጠቅልላ፣ ጫማዋን ወልውላ ወጣች። የጭቃው ዳር ስትደርስ ቆመች።

«አባዬ፣ ሊፈርስ እኮ ነው።»

«እስኪፈርስ ድረስ ብርድ ይገባል» አልኳት። «ጫማሽን ጠብቂ።»

ቀሚሷን ሰብስባ ተሻገረችው፤ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ቢሮው ወረደች። ለማስፈረም ነው። መታጠፊያው ጋ እስክትሰወር አየኋትና ገባሁ። የጓዳውን ቀዳዳ በመዳፌ ጭቃ ሞላሁት። ዱቄቱ ከውስጥ እየገፋ አላስይዝ ሲለኝ እንደገና ሞላሁት። ከዚያ ወደ ሳሎኑ አለፍኩ።